ለአንድ ሰው የሚበቃ ዕቃ

ሰው ፍርሃቱን በገንዘብ ለማባረር ሲሞክር ብዙ ጊዜ ታዝቤአለሁ። ሌባ የፈራ ቁልፍ ይደራርባል፤ በሽታ የፈራ መድኃኒት ያከማቻል። እኔም ባሕርን ስለ ፈራሁ ገንዘቤን በመሣሪያ ጨረስሁ። ስለዚህ አሁን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ነገሩ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ይኸውም አንድ ሰው በትንሽ የሸራ ጀልባ ለብቻው ወደ ሰፊ ባሕር ሲወጣ፣ መንገዱን ለማወቅና ሕይወቱን ለመጠበቅ ምን ዓይነት የኤሌክትሪክ መሣሪያ ቢይዝ ይሻለዋል የሚል ጥያቄ ነው። ነገር ግን ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰውም ቢሆን፣ በቤቱ ያለውን ዕቃ ተመልክቶ «ይህ ሁሉ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ ነገሩ አይርቅበትም።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። ያደግሁት በጣና ዳር ስለ ሆነ በልጅነቴ የማውቀው ከደንገል የተሠራውን ታንኳ ብቻ ነበር። ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ባለቤቱም ከውሃ አውጥቶ በፀሐይ ያደርቀዋል። ከዚያም በሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሆኜ ተማርሁ። በትምህርት ቤቱ አንድ ደንብ ነበር፤ ፋኖስ ፈታትቶ መልሶ መግጠም የማይችል ተማሪ ፋኖስ ይዞ በሌሊት እንዲወጣ አይፈቀድለትም። እኔ ያን ጊዜ ደንቡን እንደ ጭካኔ እቈጥረው ነበር፤ ምክንያቱም ጣቴ በጥላሸት እየጠቈረ ክሩን ለማስተካከል ብዙ ማታ ታግያለሁ። ኋላም በ1984 ወደ ስዊድን አገር መጥቼ፣ ቋንቋውን ከተማርሁ በኋላ፣ በጎተንበርግ ከተማ ሒሳብና ፊዚክስ ከ30 ዓመት በላይ አስተማርሁ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

የሸራን ጥበብ ያስተማሩኝ ጎረቤቴ የነበሩ ጡረተኛ የመርከብ መካኒክ ናቸው። በስዊድን አገር ሽማግሌውም ሕፃኑም አንተ ይባባላል፤ እኔ ግን በአማርኛ ስጽፍ እርሳቸውን አንተ ማለት ብዕሬ እምቢ ይለኛል። በእርሳቸው ምክር በ2009 አንዲት አሮጌ ቬጋ ገዛሁ። ቬጋ ከ1966 እስከ 1979 ድረስ በስዊድን የተሠራ፣ ርዝመቱ 8 ሜትር ከ25 ሳንቲም የሆነ ጀልባ ነው። ከ3,400 በላይ ስለ ተሠራ ዋጋው ርካሽ ነው። ይሁን እንጂ መናቅ አይገባም፤ ማት ራዘርፎርድ የተባለ አሜሪካዊ በ2011 ተነሥቶ በዚሁ ዓይነት ጀልባ ሰሜንና ደቡብ አሜሪካን ለብቻው በ309 ቀን ዞሮአል።

በ2018 በነሐሴ ወር ለብቻዬ እስከ ሼትላንድ ደሴቶች ለመሄድ ቈረጥሁ። ከጎተንበርግ እስከ ሌርዊክ ወደብ 440 የባሕር ማይል ያህል ነው፤ አንዱ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር መሆኑን አንባቢ ያስታውስ። ባለቤቴ አሳቡን አልወደደችውም። እኔም ፍርሃትዋን ለማብረድ፣ እውነቱን ለመናገር የራሴንም ለማብረድ፣ ወደ አንድ ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ሻጩ ትሑት ወጣት ነበረ፤ ያቀረበልኝን ሁሉ አዎን እያልሁ ተቀበልሁ። ካርታውንም ራዳሩንም የነፋሱንም ፍጥነት በአንድነት የሚያሳይ ትልቅ መስተዋት ገዛሁ፤ መሪውን በኔ ፈንታ የሚይዝ የኤሌክትሪክ ማሽን፣ ማቀዝቀዣ፣ ደግሞም የጀልባዬን ቦታ ወደ ባለቤቴ ስልክ የሚልክ መሣሪያ ጨመርሁ። ባለቤቴንም፦ «በስልክሽ ላይ እንደ ነጥብ ሆኜ እታይሻለሁ፤ ነጥቡ እስከ ተንቀሳቀሰ ድረስ ደኅና ነኝ ማለት ነው» አልኋት። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቃል ልብ በልልኝ።

ከጎተንበርግ የተነሣሁት ከጧቱ 4 ሰዓት ነው። በ6 ሰዓት ሞተሩን አጥፍቼ በሸራ ብቻ ሄድሁ። ሲመሽም የስካገንን ጫፍ በስተግራ አልፌ ወደ ስካገራክ ባሕር ገባሁ። ነፋሱ ደግ ነበረ፤ መስተዋቱም እንደ ከተማ ያበራል፤ እኔም ኩራት ተሰማኝ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ መሪውን የያዘው ማሽን ድምፁን ቀየረና ቆመ። ወዲያው መስተዋቱ ጠፋ፤ ከምሰሶው ጫፍ ያለው መብራትም ጠፋ፤ ራዲዮውም ዝም አለ። ጀልባዬ ፊቷን ወደ ነፋስ አዞረች፤ ሸራውም በጨለማ ይርገበገብ ጀመር። ሞተሩን ላስነሣ ቁልፉን ባዞር «ጠቅ» ከማለት በቀር መልስ አላገኘሁም። ለካ ሞተሩን የሚያስነሣውና ሌላውን ሁሉ የሚመግበው ባትሪ በአንድ ማብሪያ ተያይዞ ኖሮ አብሮ ደክሞአል።

በዚያ ሰዓት የአንድ ትልቅ መርከብ ቀይና አረንጓዴ መብራት ባንድነት አየሁ። ሁለቱን ባንድነት የሚያይ ሰው መርከቡ ቀጥ ብሎ ወደ እርሱ እየመጣ መሆኑን ያውቃል። ያለኝ የእጅ ባትሪ ብቻ ነበርና ሸራዬን በእርሱ እያበራሁ ቆምሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቀዩ ተሰወረና አረንጓዴው ብቻ ቀረ፤ ትንፋሼም ተመለሰ። ከዚያ እስኪነጋ ድረስ መሪውን በእጄ ይዤ፣ በኮምፓስ ወደ ዴንማርክ ዳርቻ አቀናሁ።

ባለቤቴ ነጥቡ በ8 ሰዓት ሲቆም አይታለች። እስከ 11 ሰዓት ድረስ በወጥ ቤት ተቀምጣ ጠበቀች፤ ከዚያም ለነፍስ አድን መሥሪያ ቤት ደወለች። የዴንማርክ ሰዎች ከአልጋቸው ተነሥተው ፈለጉኝ፤ ከጧቱ 3 ሰዓት ገደማም አገኙኝ። ምድጃዬ በጋዝ ስለሚሠራ ያን ጊዜ ሻይ እያፈላሁ ነበር። ሬሳ ለማውጣት ልባቸውን አዘጋጅተው መጥተው ሻይ የሚያፈላ ሽማግሌ ሲያገኙ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ሂርትስሃልስ ወደብ ጎትተው አደረሱኝ።

በወደቡ ተቀምጬ ከመነሣቴ በፊት ልሠራው የሚገባኝን ሒሳብ በአሮጌ ደረሰኝ ጀርባ ሠራሁ። መሪ የሚይዘው ማሽን 3 አምፔር፣ ራዳሩ 3፣ ማቀዝቀዣው 3፣ መስተዋቱ 1.5፣ መብራቶቹና ራዲዮው 1.5፤ ድምሩ 12 ነው። ሁለት ባለ 100 ባትሪ ነበረኝ፤ የእርሳስ ባትሪ ግን ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ብቻ ስለ ሆነ በእውነት የነበረኝ 100 ነው። 100 ለ12 ሲካፈል 8 ሰዓት ይሆናል። እኔ ግን 14 ሰዓት ተጓዝሁ። ይህ ሒሳብ የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ነው። የኦምን ሕግ በሰሌዳ ላይ ስጽፍና ሳጠፋ ጸጉሬ የሸበተው ሰውዬ ግን ዕቃውን ስገዛ አንድ ጊዜ እንኳ እርሳስ አላነሣሁም። ጎረቤቴም ታሪኩን ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስንት አምፔር ይበላል ብለህ ጠይቀህ ነበርን?»

ባለቤቴ ግን ስለ አምፔር አልጠየቀችኝም። ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን፦ «ማሽኑ አልዋሸኝም፤ የዋሸኸኝ አንተ ነህ። ነጥቡ ከቆመ ሞቻለሁ ማለት ነው ብለህ አስተማርኸኝ፤ እኔም እንዳስተማርኸኝ ሦስት ሰዓት ሙሉ አለቀስሁልህ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ከዳርቻ ርቄ ለብቻዬ አልወጣሁም።

በነዚያ ዓመታት ለብቻቸው ስለ ተጓዙ ሰዎች ብዙ አነበብሁ። ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀኝ የዶናልድ ክሮኸርስት ታሪክ ነው። ይህ እንግሊዛዊ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ሠሪ ነበረ። በ1968 ዓለምን ሳያርፉ ለብቻ ለመዞር በተደረገው ውድድር ገብቶ፣ በመጨረሻው በተፈቀደው ቀን፣ በጥቅምት 31 ተነሣ። ጀልባው ስትገለበጥ ራሱ ዐውቆ የሚያድናት ኮምፒውተር እሠራለሁ ብሎ ነበር። ሽቦው በጀልባዋ ሁሉ ተዘርግቶአል፤ ነገር ግን ሽቦዎቹ በተሰበሰቡበት ቦታ ኮምፒውተር አልነበረም። ጊዜ አጥሮት አልሠራውም። በአትላንቲክ እየተንከራተተ ሐሰተኛ ቦታውን በራዲዮ ሲናገር ቆየ፤ በሐምሌ 10 ቀን 1969 ጀልባዋ ሰው አልባ ሆና ተገኘች። በዚያው ውድድር ሮቢን ኖክስ ጆንስተን በሱሃይሊ ጀልባው 312 ቀን ተጉዞ ቀዳሚ ሆነ። የእርሱ ራዲዮ በመንገድ ስለ ተበላሸ ለብዙ ወር ድምፁ አልተሰማም፤ ሞተ ያሉም ነበሩ። የተሸለመውንም 5,000 ፓውንድ ለክሮኸርስት ቤተ ሰብ ሰጠ። ያንን ስለ ሽቦው የተጻፈ ገጽ ባነበብሁ ቍጥር የኔ መስተዋት ትዝ ይለኛል። የኔስ ሽቦ የተያያዘበት ነገር ነበረው፤ ነገር ግን ጀልባዬን ከመዘጋጀት ይልቅ ተዘጋጅቻለሁ ብዬ ለማመን የገዛሁት መሆኑ አንድ ነው።

ታዲያ መሣሪያ ሁሉ ይጣል የሚሉ ሰዎች አሉ። ጆሹዋ ስሎከምን ይጠቅሳሉ። እርሱ ከ1895 እስከ 1898 ድረስ ዓለምን ለብቻው መጀመሪያ የዞረ ሰው ነው፤ 46,000 ማይል ሲጓዝም ፊቱ ስለ ተሰበረ በአንድ ዶላር የገዛውን የቆርቆሮ ሰዓት ይዞ ነበር። ይህ እውነት ነው። ግን ስሎከም በጨረቃና በከዋክብት መካከል ያለውን ርቀት ለክቶ ሰዓቱን የሚያርም የመርከብ አለቃ ነበር፤ ርካሹ ሰዓት የበቃው ዕውቀቱ ውድ ስለ ነበረ ነው። ደግሞም ኋላ በዚያችው ጀልባ ወደ ደቡብ እንደ ወጣ ቀረ፤ የት እንደ ወደቀም የሚናገር መሣሪያ አልነበረውም። ስለዚህ በድህነት መመካትም በሀብት ከመመካት የተሻለ አይመስለኝም።

የሚበልጠውን ምሳሌ ያገኘሁት በ2022 ነው። ያ የ1968ቱ ውድድር እንደ ጥንቱ ሆኖ እንደ ገና ሲደረግ፣ ተወዳዳሪዎቹ መንገዳቸውን በሴክስታንትና በወረቀት ካርታ ብቻ እንዲያገኙ ታዝዘው ነበር። በኅዳር ወር ታፒዮ ሌህቲነን የተባለው ፊንላንዳዊ ከደቡብ አፍሪካ በስተደቡብ ምሥራቅ ሳለ ጀልባው ከኋላዋ ውሃ ገብቶባት በጥቂት ደቂቃ ሰጠመች። በነፍስ አድን ጎማ ጀልባ ላይ አንድ ቀን ያህል ቆየ። ቦታውን ለዓለም የነገረችው በእጅ የምትያዝ አንዲት ምልክት ሰጭ ናት። ኪርስተን ኖይሼፈር የተባለችው ደቡብ አፍሪካዊት ውድድሯን ትታ ሌሊቱን ሙሉ ሄዳ አወጣችው፤ በሚያዝያ 2023ም ያንኑ ውድድር አሸነፈች። እንግዲህ ጥንታዊነትን ደንብ ያደረጉት ሰዎች እንኳ ያቺን አንዲት መሣሪያ አልከለከሉም፤ ይልቁንም ያለ እርስዋ ማንም እንዳይወጣ አዘዙ።

ጡረታ የወጣሁት በዚያው ዓመት ነው። አንድ ማታ ባለቤቴ ራሷ ነገሩን አነሣች። «ከፈለግህ ሂድ። ግን ከዕቃህ ውስጥ ዝም ቢል አንተ ሞተሃል የማያሰኘው የትኛው ነው? ቢናገርስ በእውነት ተጨንቀሃል የሚያሰኘው የትኛው ነው?» አለችኝ። በ30 ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ ጥቂት ነው። የሁለተኛውን ጉዞዬን ዕቃ የመረጥሁት በዚህ ጥያቄ ነው።

ለሁለተኛው ክፍል መልሱ ያቺው ምልክት ሰጭ ናት፤ መርከበኞች ኢፐርብ ይሉአታል። በ406 ሜጋኸርትዝ ወደ ሳተላይት ትጮኻለች፤ እያንዳንዷም የራስዋ ቍጥር ስላላት ጩኸቱ የማን ጀልባ እንደ ሆነ ይታወቃል። ይህን ሥርዓት በ1979 የተስማሙበት አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ካናዳና ፈረንሳይ ናቸው። ሁለቱ ኃያላን ሮኬት ተደግነው በሚተያዩበት ዘመን የሰጠመን ሰው አብረን እንፈልግ ብለው መፈራረማቸው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። መሣሪያዋ የራስዋ ባትሪ አላት፤ ከጀልባው ሽቦ ጋር ምንም ነገር አያገናኛትም፤ ከተነሣች በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት ትሠራለች። የባትሪዋ ማብቂያ ቀን በላይዋ ተጽፎአል፤ ያለፈበትን በርካሽ የሚገዛ ሰው ምን እንደ ገዛ ያስብ። ቍጥሯንም ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ በመዝገቡ ላይ የሚጠራ ሰው ስም ይጻፋል። እኔ የባለቤቴን ስም ስጽፍ አጠገቤ ቆማ ስልክ ቍጥርዋን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ።

ወደ ስልክዋ ነጥብ የሚልከውን መሣሪያ ግን ተውሁት። በሳተላይት መልእክት የሚላላኩ ደጋግ ሰዎች እንዳሉ ዐውቃለሁ፤ አልነቅፋቸውም። በኛ ቤት ግን ዝምታን ወደ ሞት የሚለውጥ ዕቃ ሆኖ ስለ ተገኘ ወጣ። በርሱ ፈንታ በወረቀት ላይ፦ «እስከ 9ኛው ቀን ማታ ድረስ ዝምታዬ ምንም ማለት አይደለም፤ በ10ኛው ቀን ጧት ደውዪ» ብዬ ጽፌ፣ የምትደውልበትን ቍጥርና የጀልባዋን መልክ ጨምሬ ሰጠኋት።

መሪውን ለነፋስ ሰጠሁ። በዚህ መካከል ጎረቤቴ ዐርፈው ነበርና፣ ሚስታቸው የእርሳቸውን የነፋስ መሪ ለኔ ሰጡኝ። ይህን ጥበብ በ1960 ለብቻ አትላንቲክን በማቋረጥ ውድድር ላይ ካስፋፉት አንዱ ብሎንዲ ሃስለር የተባለው የጦር መኮንን ነው። ነፋስ ሳንቃውን ይገፋል፤ ሳንቃው በውሃ ውስጥ ያለውን መቅዘፊያ ያዞራል፤ መቅዘፊያውም በገመድ መሪውን ይስባል። አንድም አምፔር አይበላም። ጉድለቱን መሸሸግ ግን አይገባም፤ ነፋስ ከሌለ አይሠራም፤ ነፋሱ አቅጣጫውን ሲለውጥም ጀልባዋን ይዞ በጸጥታ አብሮ ይዞራል። ስለዚህ ኮምፓስን ደጋግሞ ማየት ግድ ነው።

ስለ መርከቦች ያለው ነገር ከሁሉ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ለብቻው የሚጓዝ ሰው ይተኛል። ሒሳቡ እንዲህ ነው። በሰዓት 18 የባሕር ማይል የሚሄድ መርከብ በ6 ማይል ርቀት ከታየ እኔ ዘንድ ለመድረስ የሚፈጅበት 20 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ብዙዎች የ20 ደቂቃ እንቅልፍ ይተኛሉ። ከ60 ዓመት በላይ የሆነው ሰው ግን በዚህ ዓይነት ስንት ቀን ይቆማል? እዚህ ላይ ኤ.አይ.ኤስ. የተባለው መሣሪያ እውነተኛ ረዳት ነው። በዓለም አቀፍ ጉዞ ያሉ 300 ቶንና ከዚያ በላይ የሆኑ መርከቦች ሁሉ እንዲይዙት ታዝዞአል፤ ቦታቸውን፣ ፍጥነታቸውንና አቅጣጫቸውን በራዲዮ ይናገራል። የኔም ትንሽ መሣሪያ የነርሱን ይሰማል፣ የራሱን ይናገራል፤ የሚቀርብ ካለም ደወል ይደውላል። የሚበላው ከግማሽ አምፔር በታች ነው። ነገር ግን አሳ አጥማጁ ሁልጊዜ አያበራውም፤ ውሃ ላይ የወደቀ ግንድም ኤ.አይ.ኤስ. የለውም።

ስለ ቀረው በአጭሩ ልለፍ። ቦታዬን የሚነግሩኝ ሁለት ትንንሽ ጂ.ፒ.ኤስ. ያዝሁ፤ ሁለቱም በእጅ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፤ አንዱ መብረቅ ቢመጣ በማለት በብስኩት ቆርቆሮ ተዘግቶ ተቀመጠ። በየሁለት ሰዓቱ ቦታዬን በወረቀት ካርታ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ይህ የሽማግሌ ግትርነት ብቻ አይደለም። በ2014 አንድ ትልቅ የውድድር ጀልባ፣ ዘጠኝ ሰው ይዞ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ከሞሪሸስ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለ የድንጋይ ደሴት ላይ ወጣ፤ የመስተዋቱ ካርታ በሚገባ ካልተጠጋ አደጋውን አያሳይም ነበርና። ሰው አልሞተም። በ2024ም በባልቲክ አካባቢ የጂ.ፒ.ኤስ. ምልክት ስለ ታወከ የፊንላንድ አየር መንገድ ወደ ታርቱ የሚያደርገውን በረራ ለአንድ ወር አቋርጦ ነበር። ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ አለኝ፤ እርሱ ቢበላሽ በገመድ ላይ እርሳስ አለ። በሐዋርያት ሥራ 27ኛው ምዕራፍ ያሉት መርከበኞች 20 ቀጥሎም 15 ያገኙበት ዘዴ ማለት ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ራዲዮዬ ባለ 25 ዋት ነው፤ በእጅ የሚያዝ ባለ 5 ዋትም በድንገተኛ ከረጢት ውስጥ ነው። ሞተሩ ማንም የማይነካው የራሱ ባትሪ አለው። የቀረው ሁሉ በቀን የሚበላው 23 አምፔር ሰዓት ሆነ፤ የፀሐይ ሰሌዳዬም በደመና ቀን 15፣ በጠራ ቀን 30 ያህል ሲሰጥ ለክቼአለሁ። ማቀዝቀዣውን ሸጬ ቋንጣና በሶ ያዝሁ።

ከሁሉም በላይ የማምነው ዕቃ ግን ኤሌክትሪክ አይደለም። ከጀልባዋ አፍንጫ እስከ ኋላዋ የተዘረጋ ገመድ አለ፤ እኔም በመታጠቂያዬ በርሱ ታስሬ እሄዳለሁ። ለብቻው የሚጓዝ ሰው ከወደቀ፣ ጀልባው በነፋስ መሪው ተመርታ ትታው ትሄዳለች። የሚመልሳት የለም። ሰዎች በደረት ላይ ስለሚታሰር ምልክት ሰጭ ይጠይቁኛል፤ ጥሩ ነው፣ እኔም አለኝ። በሰሜን ባሕር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግን ረዳት በሁለት ሰዓት ይመጣል ብዬ ከመጠበቅ ባልወድቅ ይሻለኛል። ይህ ገመድ ከዚያ ከመስተዋቱ ዋጋ መቶኛውን እንኳ አያህልም፤ በ2018 ግን አልነበረኝም። ሻጩ አላሳየኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በሰኔ 2023 ተነሣሁ። በአራተኛው ሌሊት ከኖርዌይ በስተምዕራብ ጉም ወረደ። ደወሉ ሁለት ጊዜ ቀሰቀሰኝ፤ አንዱ ወደ ነዳጅ ማውጫ ቦታ የሚሄድ መርከብ ነበረ። በራዲዮ ስሙን ጠርቼ ብናገረው እንዳየኝ ነግሮኝ ወደ ቀኝ ዞረልኝ። ጧት ላይ ግን ምንም ደወል ሳይደወል የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል አንድ ትንሽ አሳ አጥማጅ ጀልባ ከጉሙ ውስጥ 200 ሜትር በማይሞላ ርቀት ወጣ። መሪውን ይዤ አዞርሁ፤ በመርከቡ ላይ ያለው ሰውዬም እጁን አነሣልኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ቀትር ድረስ ወደ ውስጥ አልገባሁም።

ሌርዊክ የደረስሁት በስድስተኛው ቀን ማታ ነው። ጀልባዬን አስሬ፣ እጄ በድካም እየተንቀጠቀጠ፣ ለባለቤቴ ደወልሁላት።

«ዘጠኝ ቀን አላልህም እንዴ? ገና ሦስት ቀን ነበረኝ እኮ፤ ምን አስቸኰለህ?» አለችኝ። ከበስተኋላዋ የሽንኩርት ሲጠበስ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ስለ ልጆቹ፣ ስለ አትክልቱ፣ ስለ ተሰበረው ቧንቧ ስታወራኝ ቆየችና፣ በይ ደኅና እደሪ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ከተመለስሁ በኋላ ያቺን ወረቀት በወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ አገኘኋት። ከመታጠፍና ከመዘርጋት ብዛት እጥፋትዋ ላይ ተቀዳ ነበር፤ ባለቤቴም ከኋላዋ በፕላስተር አያይዛት ነበር።